የአሥር ዓመት ዋስትና

ከዳኑብ ማዶ፣ የትራሙ ሃዲድ ሲያበቃ፣
መዶሻ፣ ሚስማርና የአትክልት ዕቃ
የሚሸጥ አዳራሽ አለ፣ በሊንዝ ዳርቻ፤
እዚያ ቆሜያለሁ ዛሬ፣ ለብቻ፣
በሁለት ግሪል መካከል።

አንደኛው ሰማንያ ዘጠኝ ዩሮ ያወጣል፣
በጣቴ ቆርቆር ሳደርገው እንደ ጣሳ ይጮኻል፤
ሁለተኛው ሰባት መቶ አርባ ዘጠኝ፣
ክዳኑን ሳነሣው ክብደቱ አስደነገጠኝ፤
እግሩ የጠና፣ ሆዱ የሰፋ፣
ክዳኑ ሲገጥም ድምፁ የሚጠፋ።
ከላዩ በቀይ ቀለም አንድ ጽሑፍ አለና
አነበብኩት ደጋግሜ፦ «የአሥር ዓመት ዋስትና»።

እኔ የትራም ሾፌር ነኝ፣ መስመር ሁለት፤
ዋጋ የምለካው በሌሊት ፈረቃ ሰዓት።
ሰባት መቶ ማለት በእኔ ሒሳብ ሲሰላ
ስድስት ሌሊት ሰካራም ጭኖ ማደር ነው፣ ሌላ
ቀዳዳ ሳይደፍኑ፣
የናኦድን ጫማ፣ የማሞቂያውን ዕዳ።

ርካሹንም አውቀዋለሁ። ሁለቱን ቀብሬያለሁ፣ ሦስተኛው እያጣጣረ ነው።
አንዱ በረዶ ሲቀልጥ ሆዱ ተበሳ፤
አንዱ እግሩ ተሰብሮ ከነፍሙ፣ ከነዓሣ
ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ሰፈሩን አሳቀ፤
የሦስተኛውን ክዳን ነፋስ ነጥቆት፣ የት እንደገባ አልታወቀ።
ሰማንያ ዘጠኝ፣ ሦስት ጊዜ፦ ሁለት መቶ ስልሳ ሰባት፤
ርካሽ ማለት ይኸው ነው፣ እየደጋገሙ የሚገዙት።

«ታዲያ ግዛ!» አለኝ ልቤ።
«ቆይ፣ ቀን ልቁጠር» አልኩ በሐሳቤ።

የፈረንጅ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ሰፈሩ ከሰል ሲያነድ፣
የሐዋርያት ጾም ይይዘናል፤ ትርንጎ በጾም ቀልድ
አታውቅም።
ሐምሌ አምስት ይፈታል፤ ነሐሴ አንድ ፍልሰታ መጣ፤
በመሐሉ ሃያ ስድስት ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ ሲወጣ፣
የሥራው ቀን ሲወጣ፣ ከዚያ የእኔ ፈረቃ፣
ከዚያ ደግሞ ዝናቡ፣ ቅዳሜን ጠብቆ የሚነቃ።
በጣቶቼ ቆጠርኩ፤ አውራ ጣቴ አልተነካም።
አራት ቀን።
ከበዓለ ሃምሳው፣ ከመስከረሙ ለቃቅሜ ብጨምርም ከስምንት አያልፍም።
በአሥር ዓመት ሰማንያ፤ ለቀኑ ዘጠኝ ዩሮ ግድም፤
ይህስ ለአንድ ማታ ደስታ ውድ ነው አይባልም።

እጄ ወደ ኪሴ ሲሄድ ሄልሙት ትዝ አለኝ፣
ከአጥሩ ማዶ ያለው፣ አምና ጠርቶ ያሳየኝ
ግሪሉን፣ ከሸራ ሥር፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣
ዝገት የሚባል ያልነካው፣ እንደ አዲስ የሚያበራ ብረቱ።
«ዛሬም ትጠብስበታለህ?» ስለው ክዳኑን ዳበሰና
«ሰዉ ነው ያለቀው» አለኝ፣ «ብረቱማ ደህና።»
ከዚያ ሸራውን መለሰበት፣ እንደ ተኛ ልጅ።

ናኦድም መስከረም ላይ ግራዝ ይሄዳል፣ ሙያ ሊማር፤
እሱ ነው ፍሙን እፍ እያለ አመድ የሚያለብሰን ግንባር።
አሥር ዓመት ሙሉ ለብረት ዋስ የሚሆን ፋብሪካ አለ፤
ለሚበላው ሰው ዋስ የሚሆን፣ ማኅተም የመታ፣ የታለ?

«ወሰኑ?» አለኝ ሻጩ፣ ሰዓቱን እያየ።
«አልወሰንኩም» አልኩት፤ እውነቴን ነው። ያኔ ዓይኔ ለየ
ከመደርደሪያው ግርጌ
የውዱን ግሪል ፍርግርግ፣ ለብቻው፣ ስልሳ አራት ዩሮ፣
ጥቁር፣ ከባድ፣ በወፍራም ካርቶን ታስሮ።

ገዛሁት። ጉልበቴ ላይ ታቅፌ፣ በራሴ መስመር፣ እንደ ተሳፋሪ።

ቤት ስደርስ፣ ክዳን የለሹ ምድጃ ላይ አልገጠመም፤
በሁለት ጣት ተረፈ።
ትርንጎ «ቆጥ አወርድ ብላ…» ብላ ጀመረች፣ አልጨረሰችም።
ናኦድ የብረት መቁረጫ አመጣ፣ ጥርሱን ነክሶ ቆረጠ፤
ብልጭታው ሣሩ ላይ ረገፈ፤ ደመናው ይምጣ አይምጣ አማረጠ።

አሁን አንድ ጎኑ ዘመም ብሎ ተቀምጧል፤
ሽንኩርት ስናኖርበት ወደ ሄልሙት አጥር ይንከባለላል።
ትናንት ሁለት አመለጡን።
ሄልሙት ለቃቅሞ፣
ሹካውን ይዞ መጣ።